የሚበላ ፌስታል

ሰብለወንጌል ለማስተርስ ዲግሪዋ የምትሠራውን ጥናት እናቷ ሲጠይቋት «ፊልም ነው የምሠራው» አለች። እናቷ ወይዘሮ መሰለች የሰሙትን ነገር ለብቻቸው ይዘው የሚያድሩ ሴት አይደሉም። በማግስቱ የመሰለች ልጅ ተዋናይት ልትሆን ነው የሚለው ወሬ ዕድሩን አዳረሰው። ያዘኑም ነበሩ፤ መቼ ነው የሚታየው ብለው የጠየቁም ነበሩ። ሰብለወንጌል ቤት ለቤት እየዞረች ማስተባበሉ ስለከበዳት ለእናቷ ብቻ እንደገና አስረዳች። ፊልም የተባለው ሲኒማ ቤት የሚታየው ሳይሆን ስስ መጠቅለያ ነው። ከማንጎ ዘር ስታርች ይወጣል፤ ስታርቹ ከውሃና ከግሊሰሪን ጋር ይበስልና ትሪ ላይ ፈስሶ ሲደርቅ ልክ እንደ ላስቲክ ወዲያ ማዶ የሚያሳይ ነገር ይሆናል። ቢጥሉት አፈር ውስጥ ይበሰብሳል፤ ከፈለጉም ይበሉታል። ወይዘሮ መሰለች በጥሞና ሰምተው ሲያበቁ፣ ተዋናይት ብትሆኚ ይሻል ነበር አሉ።

ጥናቱ ከፍተኛ ማዕረግ አገኘ። እኛ ዘንድ ለጥሩ ጥናት የሚሰጠው ሽልማት የታወቀ ነው፤ በጠንካራ ሽፋን ተጠርዞ ማንም ሊጎዳው ከማይችልበት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ባለቤቲቱንም አዳማ ውስጥ አንድ የግል ኮሌጅ ሥራ ፈጠራ እንድታስተምር ቀጠራት። በዕድሜዋ አንድም ሥራ ፈጥራ ስለማታውቅ ለቦታው ብቁ ሆና ተገኘች።

ፌስታል ተከለከለ የተባለ ለት በከተማው ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ ያዘኑት አቶ አብዱልመናን ናቸው። አቶ አብዱልመናን የፌስታል ጅምላ ሻጭ ነበሩ። ከሞጆ እስከ አርሲ ነገሌ ሽንኩርትም ይሁን ጫማ አንጠልጥሎ የሚሄድ ሰው ያንጠለጠለው የእሳቸውን ዕቃ ነው። ከመቂ ወዲያ መንገድ ዳር ያሉ ግራሮች ክረምት ከበጋ ጥቁርና ሰማያዊ አብበው የሚታዩትም በእሳቸው ድካም ነበር ማለት ይቻላል። ክልከላው ሲመጣ አካባቢ እንዲጠበቅ የወጣ ሕግ ነው ብለው አልወሰዱትም። አንድ የማያውቁት ሰው አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ በስማቸው የጻፈው ስድብ ነው የመሰላቸው።

ባለቤታቸው ኡሙሰልማ መናኸሪያው አጠገብ ጁስ ቤት አላቸው። ሰብለወንጌል ጥናቷን ስትሠራ የማንጎ ዘር በማዳበሪያ ከረጢት ትወስድ የነበረው ከእሳቸው ነው። ኡሙሰልማ ጨዋ ሴት ስለሆኑ ልጅቱ ዘሩን ለፀጉር መድኃኒት ትፈልገዋለች ብለው ገምተው ሳይጠይቁ ኖሩ። ልጅቱ ተመርቃ፣ ሥራ ይዛ፣ አንድ ቀን ጁስ ልትጠጣ ስትመጣ ግን ፀጉሯ እንደድሮው መሆኑን አይተው ጠየቋት። ነገረቻቸው። ኡሙሰልማም ለምሳ ሲቀመጡ ለባላቸው፣ ያቺ ዘር ለቃሚ ልጅ የሚበላ ፌስታል ትሠራ ነበር አሉ ብለው አወሩላቸው። አቶ አብዱልመናን የጠቀለሉትን ጉርሻ መልሰው አስቀመጡ።

በሳምንቱ ሰብለወንጌል ቤቷ ከቀሩት የፊልም ቅጠሎች አንዱን ይዛ ጁስ ቤት ተገኘች። አቶ አብዱልመናን ተቀብለው ወደ ብርሃን አነሱት፤ አሸተቱት፤ ጫፍና ጫፉን ይዘው ሳቡት። ተቀደደ። የተቀደደውን አፋቸው ውስጥ ከተቱት።

«ጣዕም የለውም» አሉ።

«እንዳይኖረው ነው የተደከመበት፣ ጋሼ።»

«ሽንኩርት ይይዛል?»

«አይይዝም።»

«ውሃስ?»

«ውሃ ሲነካው ይሟሟል።»

«ታዲያ ምንድነው የሚይዘው?»

ሰብለወንጌል ይህን ጥያቄ ስትጠብቅ ዓመታት አልፈዋል። የተሠራው ዕቃ ለመሸከም እንዳልሆነ አስረዳች። ዋናው ጥቅሙ ሳይደርቅ በፊት ነው፤ ቲማቲም ወይም ብርቱካን ፈሳሹ ውስጥ ተነክሮ ሲወጣ ስስ ልብስ ይለብሳል፤ ልብሱ ውሃው ቶሎ እንዳይተን ስለሚከለክል ፍሬው ሳይጨማደድና ሳይበሰብስ ይሰነብታል። አቶ አብዱልመናን ራሳቸውን እየነቀነቁ ንግግሯን ሰሙ። ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ በትዕግሥት የሚጠብቅ ሰው ነው እንዲህ የሚነቀንቀው። ስትጨርስ፣ «ወፈር አድርገን እንሠራዋለን» አሉ።

እሷም እሺ አለች። ሽንኩርት እንደማይይዝ ከማንም በላይ ታውቅ ነበር። ነገር ግን ከተመረቀች ወዲህ «እንሠራዋለን» ያላት የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው፤ ቃሉን መልሶ ማጣት አልፈለገችም።

ሥራው ከአቶ አብዱልመናን መጋዘን ጀርባ ተጀመረ። እስከዚያ ድረስ የማንጎ ዘራቸውን ቆሻሻ ሰብሳቢዎች እንዲወስዱላቸው ይለምኑ የነበሩ ጁስ ቤቶች፣ ፈላጊ መምጣቱን እንደሰሙ «የኛ ዘር» ማለት ጀመሩ። አንዱ እንዲያውም የእሱ ዘር ከጎረቤቱ ዘር የተሻለ ጥራት እንዳለው ሊያስረዳ ሞክሮ ነበር። ዘሩ ተሰብሮ ውስጡ ይወጣል፤ ይፈጫል፤ በውሃ ተዘፍዝፎ ይጠለላል፤ ሲያድር ስታርቹ ወደ ታች ይዘቅጣል። ግሊሰሪን ሲገዛ አቶ አብዱልመናን ሚስታቸው ፊታቸውን የሚቀቡት መሆኑን ደርሰውበት ትንሽ ደነገጡ። ለምግብ የሚሆነው ሌላ እንደሆነ እስክታሳምናቸው ድረስ ሰብለወንጌል ብዙ ተናገረች።

የመጀመሪያው ምርት ትሪ ላይ ፈስሶ ፀሐይ ላይ ተሰጣ። አዳማ ደግሞ ነፋስ የማይጠፋባት ከተማ ናት። ከሰዓት በኋላ መጥተው ሲያዩት ከስታርቹ አቧራው ይበልጣል። በሁለተኛው ዙር መጋዘኑ ውስጥ አደረቁት፤ ወፈር ተደረገ፤ ጠርዙ በሙቀት ተጣብቆ እንደ ከረጢት ሆነ። አቶ አብዱልመናን አንዱን አንጠልጥለው ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞሩበት። ባዶ ስለነበር አልተቀደደም።

ገበያ የወጣው የሁዳዴውና የረመዷኑ ጾም ተያይዘው በገቡበት ሰሞን ነው። ሌላ ፌስታል ሲሸጥ ማንም ሃይማኖቱን ጠይቆት አያውቅም። ይሄ ግን ይበላል ስለተባለ፣ ክርስቲያኑ ይጾማል ወይ አለ፤ ሙስሊሙ ሐላል ነው ወይ አለ። ሰብለወንጌል ግሊሰሪኑ ከዘይት እንጂ ከእንስሳ ስብ እንዳልተሠራ እያስረዳች ዋለች። ይሄ ሲያልፍ ደግሞ አንዲት ደንበኛ፣ እጄ አልቦት ፌስታሉን ብነካና ሳላስበው ጣቴን ብልስ ጾሜ ይፈርሳል ወይ ብለው ጠየቁ። አቶ አብዱልመናን የሰፈራቸውን ሼህ ጠየቁ፤ ሴትዮዋም የንስሐ አባታቸውን። ሁለቱም የሰጡት መልስ ጣትሽን አትላሺ የሚል ሆነ። ያለ አንዳች ስብሰባ በአንድ ቀን ተስማሙ።

ሞጆ ያለ አንድ ዳቦ ቤት ከረጢቱን ወሰደ። ትኩስ ዳቦ ሲከቱበት እንፋሎቱ አቀለጠውና ከዳቦው ላይ ተለጠፈ። የደረቅ ወደቡ ሾፌሮች ዳቦው አልቦታል እያሉ መለሱት። አርሲ ነገሌ ያለ ባለሱቅ ደግሞ ወስዶ ግድግዳው ላይ ሚስማር መትቶ ሰቀለው። ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ሚስማሩ ብቻ ቀርቷል። ለአቶ አብዱልመናን ደውሎ፣ የሚበላ ነው ያሉኝ እውነትዎን ነው፣ አይጦቹ መስክረውልዎታል አላቸው። አቶ አብዱልመናን ስልኩን ዘጉ። ከዚያ ወደ መንግሥት ሄዱ፤ ነጋዴ ዕቃው አልሸጥ ሲለው የሚሄድበት ቦታ ነው።

እዚያ አቶ ጉተማን አገኙ። አቶ ጉተማ አካባቢን የማይጎዳ ማሸጊያ የሚባል ፕሮጀክት አስተባባሪ ነበሩ። ፕሮጀክቱ ቢሮ፣ መኪናና ማኅተም ነበረው፤ የጎደለው ማሸጊያ ብቻ ነው። ስለዚህ አቶ አብዱልመናንን «አከም፣ አከም» እያሉ ከበር ተቀብለው አስቀመጧቸው፤ ቅጠሉንም ሳይስቡና ሳይቀምሱ ወደዱት። ወዲያው ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች ባንዱ ዐውደ ጥናት እንዲዘጋጅ ወሰኑ። ሰብለወንጌል ጾሙ ከወጣ በኋላ ይሁን ብላ ነበር። በጀቱ ግን አይጾምም፤ ካልተበላ ይመለሳል ተባለ።

በቀኑ ሰብለወንጌልና አቶ አብዱልመናን በጠዋት ደረሱ። በር ላይ ለእያንዳንዱ ተሳታፊ የላስቲክ ቦርሳ፣ በቦርሳው ውስጥ የላስቲክ ፋይል፣ በፋይሉ ላይ የላስቲክ እስክሪብቶ ይታደላል። «ከፕላስቲክ የጸዳ ነገ» የሚለው ባነር ራሱ ከምን እንደተሠራ ሰብለወንጌል ጫፉን ነክታ አረጋገጠች። ማንም የማይጠጣው የታሸገ ውሃ በየጠረጴዛው ተሰልፏል። በሻይ ዕረፍቱ ሰዓት ሰው ሁሉ ወጥቶ ሐይቁን እያየ ቆየና ዕረፍቱ ሲያልቅ ገባ።

ሰብለወንጌል ንግግር አዘጋጅታ ነበር። አብዛኛው ስለ ቲማቲም ነው። አቶ ጉተማ ወደ ጆሮዋ ቀርበው፣ ቴክኒካሉን ባጭሩ ቋጪው፣ ሰው የሚጠብቀው የቅምሻውን ሥነ ሥርዓት ነው አሏት። ቲማቲም ላይ ሳትደርስ ማይኩ ተወሰደባት። አንዲት የሆቴሉ አስተናጋጅ በብር ትሪ የተቆራረጠ ፊልም ይዛ ገባች። ንጽሕናው እንዲጠበቅ ተብሎ እያንዳንዱ ቁራጭ በላስቲክ ተጠቅልሏል።

አስተናጋጇ ትሪውን ይዛ ከረድፍ ረድፍ ዞረች። ግማሹ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እስከ መግሪብ አለ፤ ግማሹ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አለ። የማይጾሙም ሳይኖሩ አይቀሩም፤ አለቆቻቸው ፊት ግን ሁሉም ጿሚ ሆነ። ትሪው እንደሞላ ወደ መድረክ ተመለሰ። የካሜራ ባለሙያው ካሜራውን ዝቅ አደረገ። አቶ ጉተማ ላባቸውን ጠርገው ማይኩን አነሱና፣ ከመካከላችሁ የማይጾም ሰው ካለ ለአገር ሲል ይተባበረን አሉ።

ሰው ሁሉ ጎረቤቱን አየ። በመጨረሻ አንዱ፣ ድምፅ ማጉያውን የሚቆጣጠረው ልጅ ፕሮቴስታንት ነው ብሎ ጠቆመ። ምልኬሳ የሚባል ረጋ ያለ ወጣት ነው፤ ከሽቦዎቹ መሀል ተጠርቶ መድረክ ላይ ወጣ። ካሜራው ተነሳ። ምልኬሳ ላስቲኩን ገልጦ ፊልሙን አፉ ውስጥ አደረገ። ሦስት መቶ የተራበ ዓይን እያየው ማኘክ ከባድ ሳይሆንበት አልቀረም። ሲውጥ አቶ ጉተማ ማይኩን ወደ አፉ አስጠግተው እንዴት ነው አሉት።

«ምንም አይልም» አለ ምልኬሳ።

ተጨበጨበ። ከዚያ በቡድን ተከፋፍለው ስለ ተግዳሮቶችና መልካም አጋጣሚዎች ተወያዩ። በማጠቃለያው ምርቱ በቀማሾች ዘንድ ሙሉ ተቀባይነት ማግኘቱ ተገለጠ፤ ከአንድ ቀማሽ አንዱ ካልተቃወመ ሙሉ መሆኑ አይካድም። ሁለተኛው ዙር ዐውደ ጥናት የት ቢሆን ይሻላል በሚለው ላይ ብቻ ሞቅ ያለ ክርክር ተደረገ።

ሰብለወንጌል መድረኩ ጥግ የተረፈውን ትሪ ይዛ ቆማ ነበር። አልተናደደችም፤ መናደድ እንኳ ጉልበት ይፈልጋል። ነገ ኮሌጅ ገብታ ስለ ሥራ ፈጣሪነት እንደምታስተምርና ሰኞ ለአቶ አብዱልመናን ይብቃን እንደምትላቸው በልቧ ወሰነች።

ወደ አዳማ ሲመለሱ ባቱ ላይ ፀሐይ ጠለቀች። አቶ አብዱልመናን መንገድ ዳር ያለ የሾፌሮች ምግብ ቤት መኪናቸውን አቁመው በቴምርና በውሃ አፈጠሩ፤ እሷም ሽሮዋን አዘዘች። አጠገባቸው አንድ የቲማቲም ነጋዴ ምግቡን ሳይነካ ተቀምጧል። ቲማቲሙን ወደ ድሬዳዋ ሊልክ ጭኖ፣ መኪናው ተበላሽቶ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ መዋሉን ለአስተናጋጁም፣ ለሾፌሮቹም፣ ላልጠየቀውም ሁሉ ይናገራል። በር ላይ የቆመው መኪና ሥር ቀይ ውሃ ይንጠባጠባል። አቶ አብዱልመናን ወጥተው መኪናውን ዞረው አዩ፤ ተመልሰው ሲገቡ ከነጋዴው ጋር በኦሮምኛ ብዙ አወሩ፤ ስልክ ቁጥሩን ተቀበሉት።

መኪናቸውን አስነስተው ከባቱ ወጡ። ከዚያ፣ «ሰብልዬ፣ አንድ ሐሳብ መጣልኝ» አሉ።

ፌስታሉን እንተወው አሉ። ፈሳሹን ሳናደርቀው፣ እንዲሁ ቀጠን እንዳለ፣ ቲማቲሙን ብንነክረውስ? ልብስ ይሆነዋል። ውሃው አይተንም። መንገድ ላይ ቢቆይም ይሰነብታል። ደግሞ ቲማቲም ብቻ አይደለም፤ ብርቱካንም፣ ማንጎም ይሆናል። መቂን እስኪያልፉ አስረዷት፤ ቆቃ ሐይቅ አጠገብ ሲደርሱ እጃቸውን ከመሪው ላይ እያነሱ የቲማቲሙን ልጣጭ በአየር ላይ ይስሉላት ነበር። ሞጆ ሲገቡ ገና አልጨረሱም።

ሰብለወንጌል አንድም ጊዜ አላቋረጠቻቸውም። መጀመሪያ ሳቋን እያፈነች ነው። እየቆየ ግን ሌላ ነገር ተሰማት። ጥናቷን የፈተኗት ምሁራን እንኳ ከገጽ ገጽ እያለፉ ነበር ያነበቡት፤ በሙሉ ልቡ አምኖበት ይህን ያህል መንገድ ያወራላት ሰው አልነበረም። አንዳንዱን እሷ ከጻፈችው አሳምረው ተናግረውታል።

«እንዴት አሰቡት?» አለች በመጨረሻ።

«ንግድ ነው፣ ልጄ። ትምህርት ቤት አያስተምሩትም።»

ኡሙሰልማ ግን ይህን ሲሰሙ አላለፉትም። ልጅቱ በመጀመሪያው ቀን እኔ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብላ ይህንኑ ስትነግርህ ጁስ እየቀዳሁ ሰምቻለሁ አሉ። አቶ አብዱልመናን አላስታውስም አሉ። አለማስታወሳቸው እውነት ነበር፤ ያልሰሙትን ነገር ማን ያስታውሳል።

ያ የቲማቲም ነጋዴ በሚቀጥለው ጊዜ ሲጭን ባቱ ወረዱ። ሰብለወንጌል አንድ በርሜል ፈሳሽ አበሰለች፤ አቀዘቀዘች፤ ቲማቲሙ እየታጠበ፣ እየተነከረ፣ ወንፊት ላይ ነፋስ እየመታው ደረቀ። አዳማ ላይ የሰደበችውን ነፋስ ባቱ ላይ አመሰገነችው። ግማሹ ጭነት ተነከረ፤ ግማሹ እንዲሁ ሄደ። የድሬዳዋው ገዢ ሲደውል እንዲሁ የሄደው ለስልስ እንጂ ለሰላጣ አይሆንም አለ። የተነከረው ግን ሥር ሆኖ ከተጨፈለቀው በቀር ደህና ገብቷል፤ ያስቸገረው ማብረቅረቁ ነው፤ ሴቶቹ አርቴፊሻል መስሏቸው አንገዛም አሉ። ሰብለወንጌል በውሃ አጥበህ አሳያቸው አለችው። አጠበው፤ ልብሱ ወለቀ፤ ከሥሩ ቲማቲም ወጣ። ከምሳ በፊት ተሸጦ አለቀ።

ነገሩ የሚያዋጣ መሆኑ ሲታወቅ ንግድ ፈቃድ ማውጣት መጣ። አቶ አብዱልመናን ስሙን አስበው ጨርሰዋል፤ በእሳቸው ስም ይጀምርና «የሚበላ ፌስታል» ብሎ ያልቃል። ሰብለወንጌል ማማሰያዋን በርሜሉ ላይ አጋድማ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ እኔ ፌስታል አልሠራም» አለች። «ፈቃዱ በኔና በኡሙዬ ስም ካልሆነ ነገ አላማስልም። እርስዎ ይሽጡልን። ከእርስዎ የተሻለ ሻጭ የለም።»

አቶ አብዱልመናን ወደ ሚስታቸው ዞሩ። ኡሙሰልማ የማንጎ ዘር እየሰበሩ ነበር። ቀና ሳይሉ፣ ዘሩ የኔ ነው፣ ዕውቀቱ የሷ ነው፣ መጋዘኑን ብትከለክለን ሌላ እንከራያለን አሉ። አቶ አብዱልመናን ትንሽ ቆመው የሁለቱን ፊት አዩ። ሃያ ዓመት ነግደዋልና የቆረጠ ሰው ፊት ምን እንደሚመስል ያውቃሉ። ስልካቸውን አውጥተው ለድሬዳዋው ገዢ እየደወሉ ወደ ግቢው በር ወጡ።

አቶ ጉተማ ሰብለወንጌልን ለሁለተኛው ዐውደ ጥናት ሲጠሯት ቀኑ ከጭነት ጋር ተጋጨና አልሄደችም። አቶ አብዱልመናን ሄደው በመድረክ ላይ ሐሳቡ እንዴት እንደመጣላቸው ተናገሩ። ኮሌጁንም ተወችው። ሥራ ፈጠራ የሚያስተምር ሌላ ሰው ወዲያው ተገኘ፤ እሱም ሥራ አልነበረውም።

አሁን ቲማቲም በሚጫንበት ጠዋት ባቱ ብትሄዱ ኡሙሰልማን በርጩማ ላይ፣ ሰብለወንጌልን በርሜሉ አጠገብ ታገኟቸዋላችሁ። አቶ አብዱልመናን ትንሽ ራቅ ብለው መኪናው ጥላ ሥር ቆመው በስልክ ዋጋ ይከራከራሉ። የወዲያኛው ወገን ቀንስ ሲላቸው እጃቸውን ስልኩ ላይ አድርገው ወደ ሁለቱ ሴቶች ያያሉ። ኡሙሰልማ ራሳቸውን ግራ ቀኝ ይነቀንቃሉ።

«ባለቤቶቹ አልፈቀዱም» ይላሉ አቶ አብዱልመናን፣ ክርክሩንም ከሥሩ ይጀምሩታል።